የእብናት ልጆች

አባቴ እብናት ላይ ሌሎች ልጆች እንዳሉት ያወቅሁት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። «ያወቅሁት» የምለው ያኔ እንደዚያ ስለመሰለኝ ነው።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። በራችን ላይ የቆመ ሰው ጉናን ያያል። ጉና ላይ በረዶ ሲወርድ ባደረበት ጧት የእኛም ደጅ አመዳይ ለብሶ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። አባቴ በዚያ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ የዶሮዎቹን በር ይከፍትና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። የሚያየው ማን ቀድማ እንደምትወጣ ነው። ቀድማ ወጥታ መሬት መጫር የጀመረችውን ቄብ በዓይኑ ይይዛታል። ቆጥ ላይ ተኮራምታ የቀረችውን ለበዓል ወጥ ይመድባታል። ይህን ሲያደርግ ፊቱ ላይ ክፋትም ርኅራኄም አይታይም ነበር።

ስሙ ይርጋ ነው። ገብስና ድንች የሚያመርት የገበሬ ማኅበር አባል ነበር፤ ሰው የሚያውቀው ግን በዶሮዎቹ ነው። ቀያይ ናቸው። አናታቸው ላይ ያለው ሥጋ እንደ መጋዝ የቆመ ነጠላ ሳይሆን ዝቅ ብሎ የተነጠፈ ድርብ ነው። አያቴ ሲሞቱ የተዉለት አራት ዶሮና አንድ አውራ ነበር። ከእነዚያ ተነሥቶ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መረጠ። ታቅፋ ሳትጨርስ የማትነሣዋን፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩቶቿን ጥላ የማትሸሸዋን፣ እንቁላሏ መዳፍ የሚሞላውን እያስቀረ ሌላውን ቀነሰ። የማን ልጅ የማን እንደሆነች እንዳይጠፋበት እግራቸው ላይ ክር ያስራል፤ የአንዷ እናት ልጆች ቀይ፣ የሌላዋ ልጆች ሰማያዊ። ዶሮዋን አጥብቄ የምይዝለት እኔ ነበርኩ።

«ወንድምና እህት ካገናኘሽ ጫጩቱ ቅርፊቱን ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል» ይለኛል ክሩን እየቋጠረ። «ስለዚህ ደሙን ማራቅ ነው።»

እንዴት አድርጎ እንደሚያርቀው አልነገረኝም። ወይም ነግሮኝ አልሰማሁም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሳ የሚባል የእብናት ነጋዴ በሦስት በቅሎ እህል ጭኖ ለገበያ ይመጣል። ገበያው ሲበተን እኛ ዘንድ ጎራ ይላል። ሥጋችንን ስለማይበላ እናቴ ንፍሮና እርጎ ታቀርብለታለች። ከአባቴ ጋር ደጅ ተቀምጠው ያወራሉ። እኔ ከበሩ ጀርባ ነኝ።

«ከድጃ ሰላም ብላሃለች» አለው አንድ ቅዳሜ።

«እግዜር ይመስገን። ልጆቼስ?»

«ደርሰዋል። ሁለቱ ቁርጥ አባታቸውን ናቸው። ትንሹማ ከአሁኑ አይቻልም፤ ያገኘውን ሁሉ ይደባደባል።»

አባቴ ሳቀ። ስለ እኔ ሲወራ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

የሚያወሩት ስለ ዶሮ ነበር። አባቴ በየሁለት ዓመቱ ከመንጋው አንድ አውራ ወደ እብናት ይልካል፤ ከድጃም ከእሷ መንጋ መርጣ አንድ ትልክለታለች። አንድ ዘር ነው፤ ግን ሁለት ቦታ ተለያይቶ ስለሚያድግ ሲገናኝ አይዳከምም። ከድጃ ዓይኗ ከእሱ ይበልጥ እንደነበር አባቴ ራሱ ይናገር ነበር። ያኔ እኔ የሰማሁት ግን ከድጃ የምትባል ሴት እንዳለችው፣ ከእሷም ልጆች እንደወለደ ነው።

ከዚያ በኋላ የማየውና የምሰማው ሁሉ ይህንኑ ይነግረኝ ጀመር። አባቴ ከገበያ ቀይና ሰማያዊ ክር ገዝቶ መጣ። ለቀሚሴ ጥልፍ መስሎኝ ደስ አለኝ። ግማሹን ቆርጦ ለሙሳ ሰጠውና «ለከድጃ» አለው። እናቴ ቆማ አየችና ገባች።

እናቴ እቴነሽ ዝምተኛ ናት። ገብስ ከጎታ ወጥቶ ለዶሮ ሲሰፈር ስታይ ግን አያስችላትም። «የእብናት ልጆችህንም አምጣቸውና አብላቸው፤ እዚህ ያለችዋ ትቆይ» ትለዋለች። አንድ የጾም ሰሞን እህል ሲሳሳ ደግሞ ብሶባት፣ «አንድ ቀን ያንን የእብናት እንቁላል ቀቅዬ ነው የማበላህ» አለችው። እኔ እናቴም ታውቃለች አልኩ በሆዴ። ታውቃለች፤ ግን አቅም የላትም።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ የማኅበሩ አባላት ተሰበሰቡ። ካሳሁን የሚባል ወጣት የግብርና ሠራተኛ በመኪና ነጫጭ ዶሮዎች ይዞ መጥቶ ነበር። ነገሩ ስለ ዶሮ ስለሆነ አባቴ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ካሳሁን አንዷን ነጭ ዶሮ ብብቱ ሥር ይዞ፣ በዓመት ሁለት መቶ እንቁላል ትጥላለች አለ። ዘሩ እንዳይበላሽ ግን የአገሩ አውራ ከየቤቱ መወገድ አለበት።

አባቴ እጁን አወጣ። «ትታቀፋለች?»

«አትታቀፍም። ጊዜዋን በመጣል ነው የምታጠፋው።»

«ታዲያ ጫጩቱን ማን ያወጣዋል?»

«ጣቢያው ያመጣላችኋል።»

«ጣቢያው ሳያመጣ የቀረ ዕለትስ?»

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን እያጠፈ፣ «ጓድ ይርጋ፣ ጉዳዩ ተወስኗል» አለ። አባቴ ተቀመጠ።

በማግሥቱ ስድስቱን አውራዎች አንድ በአንድ አረደ። ሌላው ጎረቤት አንድ ሁለት ደብቋል፤ እሱ አንድም አልደበቀም። ሳምንቱን ሙሉ ሥጋ በላን። ፈሪ ነው አልኩ። አሁን ሳስበው ፈርቶ አልነበረም፤ እብናት ያሉትን አምኖ ነው። ካሳሁንም ቢሆን ክፉ ሰው አልነበረም። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የተማረውን ነው የነገረን።

ግንቦት ላይ ፈንግል ገባ። ዶሮዎቹ አንገታቸው ተጣመመ፤ ክንፋቸውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ ዞሩ፤ አረንጓዴ አስቀመጣቸው። ከነጮቹ ጋር ይምጣ ከገበያ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። በዘጠኝ ቀን ነጩም ቀዩም አለቀ። ካሳሁን ራሱ መጥቶ አባቴ በቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ አየና ሄደ። አባቴ አፈሩን መለሰበት። እጁን ሲታጠብ ውሃ የማፈስለት እኔ ነበርኩ።

«እብናት አሉ» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ።

ዝናብ ላይ የወጣ ጫጩት ብርድ ስለሚጨርሰው ዘሩን ከእብናት ለማስመጣት ክረምቱ እስኪያልፍ መጠበቅ ነበረበት። ያ ክረምት እኛ ዘንድ ጥቂት ዘነበ። እብናት አልዘነበም። ከነሐሴ ጀምሮ ሙሳ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱ ቀረ። በመንገዱ የማናውቃቸው ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ያልፉ ጀመር። እናቴ ቆሎ እየዘገነች ትሰጣቸዋለች፤ በኋላ ግን በሩን መዝጋት ለመደች። እኔም በሩ መዘጋቱን ለመድኩ።

ኅዳር ላይ፣ ገበያ በሌለበት ቀን፣ ሙሳ መጣ። በቅሎው አንድ ብቻ ናት። ሁለቱን ሌላ ቦታ አስሯቸው መሰለኝ። ፊቱ ጠቁሮ ጉንጩ ገብቷል፤ ከንፈሩ ላይ ነጭ ነገር ደርቋል። እጁ ላይ በጨርቅ የታሰረ አገልግል ይዟል። እናቴ ዳቦና ወተት አቀረበችለት። ወተቱን ጠጣ። ዳቦውን ጥቂት ቆርሶ ቀመሰና የቀረውን በኩታው ጫፍ ቋጠረው። አልጣመውም አልኩ።

«ከድጃ ሰላም ብላሃለች» አለ። «እንቁላሎቹ አሥራ አራት ናቸው። ከዚህ በኋላ የሉም።»

አባቴ አገልግሉን በሁለት እጁ ተቀበለ። አልከፈተውም።

«ልጆቹስ?» አለ።

«ሁለቱ የሉም።»

አባቴ አገልግሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ትንሿስ?»

«አለች። ከእናቷ ጋር ናት።» ሙሳ መሬት መሬቱን እያየ ነው የሚናገረው። «ይርጋ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። እኔ በቅሎዋን ሸጬ እህል ፍለጋ ወደ ወረታ ልወርድ ነው። ከድጃ ትንሿን ይዛ ብትመጣ ትቀበላታለህ?»

«ይህ ይጠየቃል? ቤቱ ቤቷ ነው። ትምጣ።»

እናቴም ከውስጥ ሆና፣ «ትምጣ» አለች።

ሁለት ወንድሞቼ ሞቱ ማለት ነው፤ አልደነገጥኩም። የማስበው ስለ አልጋው ነበር። ቤታችን አንድ አልጋና አንድ መደብ ብቻ ነው ያለው። አልጋው የአባቴና የእናቴ ነው፤ መደቡ የእኔ ነው። ያቺ ሴት ስትመጣ እናቴ ወዴት እንደምትሄድ አወጣሁ አወረድኩ። እንቁላሎቹ ደግሞ እንደ ጥሎሽ ነገር መሰሉኝ፤ አባቴ እንደዚያ በሁለት እጁ ሲቀበላቸው ሴትዮዋን የተቀበለ መሰለኝ። እነሱ ከጠፉ እሷም ትቀራለች አልኩ። አንድ ልጅ በምን አስልቶ እዚህ እንደሚደርስ ዛሬም ልገልጸው አልችልም፤ ያኔ ግን ቀጥ ያለ ነገር ነበር።

ከመንገድ የመጣ እንቁላል አንድ ቀን ሳያርፍ አይታቀፍም፤ ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። በማግሥቱ ጧት አባቴ ሙሳን ሊሸኝ ወጣ፤ ከዚያም ከጎረቤት ታቃፊ ዶሮ ተውሶ ይመለሳል። እናቴ ወፍጮ ሄደች። እሳቱ አልጠፋም ነበር። ድስቱን ውሃ ሞልቼ ጣድኩና መንፈቅፈቅ ሲጀምር እንቁላሎቹን ሦስት ሦስት እያደረግሁ በጭልፋ አወረድኩ። ትምህርት ቤት እንደምንቆጥረው ድምፄን አውጥቼ እስከ መቶ አምስት ጊዜ ቆጠርኩ። አወጣሁ፤ በቀሚሴ አደረቅሁ፤ ሲቀዘቅዙ እንደነበሩት ሹል ሹሉን ወደ ታች አድርጌ ገለባው ውስጥ መለስኳቸው። አንዱም አልተሰነጠቀም። ውሃውን ደጅ ደፋሁ። እናቴ አንድ ቀን አደርገዋለሁ ያለችውን ነው ያደረግሁላት።

አባቴ ዶሮዋን አስታቀፈ። ታቃፊዋ ጥሩ ነበረች፤ ለጥሬና ለውሃ ብቻ ነው የምትነሣው። በሰባተኛው ቀን አባቴ በሩን ገርበብ አድርጎ በስንጥቁ በሚገባው ፀሐይ ላይ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያነሣ አየ። ሕይወት ያለው እንቁላል በሰባተኛ ቀኑ እንደ ሸረሪት ድር ደም ይታይበታል። አሥራ አራቱንም አይቶ አሥራ አራቱንም ወደ ዶሮዋ መለሳቸው። ምንም ስላላለ አልታወቀብኝም ብዬ አረፍኩ።

አሁን ይገባኛል። የዚያን ቀን አይቷል። እንዲያም ሆኖ የቀሩትን አሥራ አራት ቀናት እየተነሣ ለዶሮዋ ውሃ አቀረበ።

ሃያ አንደኛው ቀን አለፈ። በሃያ አራተኛው ቀን እንቁላሎቹን በአገልግሉ ይዞ ከጓሮ ሄደ። አጥር ጥግ ሆኜ አየሁት። አንዱን በድንጋይ ሰበረ። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። የተበላሸ እንቁላል ፈሳሽ ነው፤ እነዚያ አይፈሱም ነበር። ጣቱን አስገብቶ ነካካው። የቀሩትን አልሰበረም፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራቸው።

ሲገባ እናቴ፣ «ምን ሆነው ነው?» አለችው።

አባቴ ረጅም ጊዜ አያት። «መንገድ ላይ ተናውጠው ነው» አለ።

አመነ አልኩ።

ከድጃ አልመጣችም። ታኅሣሥ አለቀ፤ ጥር ገባ፤ አልመጣችም። ሙሳም ደግሞ አልታየም። እኔ በመደቤ ላይ፣ እናቴ በአልጋዋ ላይ ቀረን። ያደረግሁት ነገር ሠራ አልኩ። ለረጅም ጊዜ፣ ትልቅ ልጅ ከሆንኩም በኋላ፣ ቤታችንን ያዳንኩ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ዶሮ አላረባም። ዶሮ ቤቱ የማገዶ ማስቀመጫ ሆነ። ከእናቴ ጋር አልተጣሉም፤ ግን የሚነጋገሩት ስለሚሠራ ሥራ ብቻ ሆነ። «ውሃ አለ?» «አለ።» «በሬዎቹ ገቡ?» «ገቡ።» ድሮ «እቴ» ይላት ነበር፤ ያንን ተወው። በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። መንግሥት ሲለወጥም በዚያው ነበሩ። በሰማንያ ስድስት አባቴ ሳል ታሞ ሞተ።

የአርባው ተዝካር ማግሥት ከእናቴ ጋር ዕቃ ስናጥብ ስለ ዶሮዎቹ አነሣሁ። ለምን እንደተዋቸው ጠየቅኋት።

«እኔ የቀቀልኳቸው መስሎት ነው» አለች።

እጄ ላይ ሳህን ነበር። ማጠቡን አላቆምኩም።

«ነገረሽ?»

«ያን ጊዜ ጠየቀኝ። ‹አንቺ ነሽ?› አለ። ‹አዎ› አልኩት።»

«ለምን?»

«ቤቱ ውስጥ ሦስት ነበርን፣ ዓለሚቱ። እሱ አልነካቸውም፤ እኔም አልነካኋቸውም።» ሳህኑን ከእጄ ተቀብላ አለቀለቀችው። «በአንቺ ከሚዝን በእኔ ቢዝን ይሻላል አልኩ። ይረሳዋል ብዬ ነበር። አልረሳውም።»

ሳህኑን ደፍታ፣ «አንቺስ ለምን አደረግሽው?» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ጠይቃኝ አታውቅም።

ነገርኳት። ከድጃ የአባቴ ሴት፣ እብናት ያሉትም ልጆቹ እንደመሰሉኝ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር።

«ከድጃ የሙሳ ሚስት ናት» አለች። «የሞቱት ሁለቱ ልጆች የሙሳ ናቸው። እሷም ታኅሣሥ ላይ እብናት የረሃብተኞች መጠለያ ውስጥ ሞተች። እኛ ዘንድ ለመምጣት ተነሥታ ነበር አሉ፤ እግሯ አልቻለም።»

የቀረውን ዕቃ አጥበን ጨረስን። በነጋታው ወደምሠራበት ወደ ባሕር ዳር ተመለስኩ። አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ እስክደርስ አልነቃሁም።

ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ደብረ ታቦር እናቴን ልጠይቅ ሄጄ መጋረጃ ልገዛላት አንድ የጨርቅ ሱቅ ገባሁ። ባለ ሱቋ በእኔ ዕድሜ አካባቢ ያለች፣ ትንሽ የምታንሰኝ ሴት ናት። ስም ጠራርተን ሰፈር ስንነጋገር ቀና ብላ አየችኝ።

«የይርጋ ልጅ ነሽ? የዶሮው ይርጋ?»

«አዎ።»

«እኔ ሀዋ ነኝ። የሙሳ ልጅ፣ የእብናቱ።»

ትንሿ ናት። አባቷ ወረታ ላይ አሳድጓት፣ እሱም እንደሞተ ነገረችኝ። በርጩማ አውጥታ አስቀመጠችኝ። ስለ እናቷ ከእኔ ጋር ማውራት የፈለገች ትመስል ነበር፤ ያቺን ሴት በስም የሚያውቅ ሰው ምናልባት አላገኘችም።

«ሁለት ዶሮና አንድ አውራ ነበር የቀሩን» አለች። «እናቴ የጣሉትን እንቁላል አሥራ አራት እስኪሞላ ገለባ ውስጥ ትደብቀዋለች። አንድ ቀን ወንድሜ አገኘውና አንዱን አንሥቶ ሊሰብር ሲል ደርሳ እጁን መታችው። ‹ዘር ነው፤ የይርጋ ነው፤ አይበላም› አለችው። አላለቀሰም፤ ማልቀስ ትቶ ነበር። አባቴ ይዟቸው ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ወንድሜ ሞተ። ከዚያ ሌላው። እሷ ግን አልነካቻቸውም። እኔንም አላበላችኝም። አንዳንዴ እናደድባት ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።»

ደንበኛ ገባ፤ አስተናገደችውና ተመለሰች።

«ሁልጊዜ የምጠይቀው ሰው ባገኘሁ እል ነበር» አለች። «ተፈለፈሉ?»

«ተፈለፈሉ» አልኳት።

«ስንት?»

«አሥራ አንድ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። እንደገና ለራሷ ዝቅ አድርጋ አለችው። ከዚያ ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችና ለመስኮቱ ስንት ሜትር እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።